ባሻ ቁልፌን ማን ይጠብቀዋል?



ባለፈው እትማችን በዚሁ ግድግዳ ላይ፣ ከምግብ አዳራሹ መግቢያ በስተቀኝ፣ «የባሻ ቁልፌ በር» በሚል ርእስ አንዲት አጭር ልቦለድ አውጥተን ነበር። ያነበባችሁ ታስታውሷታላችሁ። ያላነበባችሁም ብትሆኑ ሳቁን ሳትሰሙ አልቀራችሁም፤ ለሦስት ቀን ያህል የምሳው ሰልፍ ከወጥ ቤቱ መስኮት ይልቅ ወደ ጋዜጣው ያዘነበለ ነበርና። እኛ ጸሐፊዎቹ፣ በአንድ ክፍል የምናድር ሦስት የአማርኛ ትምህርት ሠልጣኞች፣ ሳህናችንን ይዘን ራቅ ብለን ቆመን ማን የትኛው መሥመር ላይ እንደሚስቅ እንቆጥር ነበር። ደስታችን ልክ አልነበረውም።

በአራተኛው ቀን ልቦለዷ ከግድግዳው ወርዳለች። «የት ገባች?» እያላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ንፋስ ወሰዳት ያልናችሁም አላችሁ። ንፋስ አልወሰዳትም፤ እኛው ነን ያነሣናት። ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ለምን እንዳነሣናት ለመናገርና፣ በዚያውም ስለ ገጸ ባሕርይ አሣሣል ከክፍል ውጭ የተማርነውን ለማካፈል ነው።

በመጀመሪያ ባሻ ቁልፌ እንዴት እንደ ተፈጠረ እንንገራችሁ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን ተቀምጠን ሳለ ከመካከላችን አንዱ «እስቲ ዘበኛ እንጻፍ» አለ። ከዚያ እንደ ዕቁብ አዋጣን። አንዱ ጢም አዋጣ፤ ጫፉ ወደ ላይ የተጠቀለለ። ሁለተኛው መፋቂያ አዋጣ፤ ከጥርስ መካከል የማይለይ። ሦስተኛው «አይቻልም!» የምትለዋን ቃል አዋጣ። በላዩ ላይ ሰፊ ካፖርት ደረብንለት፣ ቁልፉን በሲባጎ አንገቱ ላይ አንጠለጠልንለት፣ ስም አወጣንለት። በሻማ ብርሃን ሰው የሠራን መሰለን።

ታሪኩም ያው የምታውቁት ነው። በሩ የሚዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሠልጣኝ ጓደኛው ታሞበት መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ 5 ደቂቃ ዘግይቶ ይመለሳል። ባሻ ቁልፌ «አይቻልም!» ይላል። ልጁ ይለምናል፤ ባሻ መፋቂያውን ያኝካል። ዝናብ ይዘንባል። (በልቦለድ ውስጥ ሰው ሲለምን ሁልጊዜ ዝናብ የሚዘንበው ለምን እንደሆነ እንጃ።) በመጨረሻ የታመመው ልጅ በጓደኞቹ ሸክም ወደ በሩ ሲመጣ ባሻ ያየዋል፤ ቁልፉን ጥሎ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል፤ «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ነኝ» ይላል። አለቀ።

አንባቢው እስከ ልመናው ድረስ ሲስቅ ቆይቶ ለቅሶው ላይ ሲደርስ አልሳቀም፤ አላለቀሰምም። ዝም ብሎ ወደ ምሳው ይሄድ ነበር። እኛም ይህን በዐይናችን አይተናል፤ ግን ጥፋቱን ለወጡ ሽታ ሰጥተነው አለፍን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከወረቀቱ ግርጌ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ጥያቄ አገኘን። የእጅ ጽሑፉን እናውቀዋለን፤ የድርሰት ደብተሮቻችን ኅዳግ ሁሉ በሱ የተሞላ ነው። ጥያቄዋ «ባሻ ቁልፌ ቤቱ ሲገባ ማን ይጠብቀዋል?» ትላለች። ሌላ ምንም የለም። ነጥብ የለ፣ «ጥሩ ሙከራ ነው» የለ።

ይጠብቀዋል የሚለው ቃል መቼም ሁለት ስለት አለው። እራቱን ከድኖ የሚጠብቀው ማን ነው ማለት ነው? ወይስ ዘበኛውንስ የሚጠብቀው ዘበኛ ማን ነው ማለት? መምህራችን የትኛውን እንዳሰቡ ተከራከርን። ክርክሩ ብዙም ሳይገፋ ቆመ፤ የትኛውም ቢሆን መልስ የለንማ። አራት ገጽ ሙሉ ስለ አንድ ሰው ጽፈን ሚስት ይኑረው አይኑረው አናውቅም። ካፖርቱን ማን እንደ ገዛለት አናውቅም። ምሳ በልቶ ይሁን ጦሙን ያን ማታ የቆመው አናውቅም። ጢም ሰጥተነው ቤት ነሥተነዋል።

እንግዲህ የሚያሳፍረው ነገር ትምህርቱን ሳናውቀው ቀርተን አለመሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ልቦለድ በሚያትት መጽሐፉ ገጸ ባሕርያትን ዝርግና ክብ ብሎ እንደሚለያቸው ተምረናል፤ ፈተና ላይ መጥቶልንም ደፍነናል። ዝርጉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቃሎ የሚያልቀው ነው። ክቡ ደግሞ ሊያስደንቀን የሚችል፣ ያስደነቀንም እንደሆነ የሚያሳምነን ነው። ፎርስተር ዝርጎቹን አይንቃቸውም፤ በቀላሉ ይታወሳሉ፣ በየገቡበት ይለያሉ፣ ዲክንስን የመሰለ ታላቅ ደራሲም ብዙዎቹን ሰዎቹን የሠራው በዚህ መንገድ ነው ይላል። እኛም ባሻ ቁልፌን በዚህ ልንከላከልለት ሞክረን ነበር። አላዋጣም። ዝርግ ሰው ዳር ላይ ሲቆም ያምርበታል። እኛ ግን የታሪኩን ሸክም ሁሉ እሱ ላይ ጭነን በመጨረሻ «ተለወጥ» አልነው። ወረቀት ያን ሁሉ ሸክም አይችልም፤ ይቀደዳል።

የቀድሞ ሥነ ጽሑፋችንን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ብዙዎቻችን «ጦቢያ» ብለን የምናውቀው፣ ሰዎቹን ደጋግ አድርጎ ጀምሮ ደጋግ አድርጎ ይጨርሳቸዋል። ጦቢያና ወንድሟ ዋህድ የሚደርስባቸው መከራ ብዙ ነው፤ እነሱ ግን በመከራው ውስጥ ያልፋሉ እንጂ መከራው በነሱ ውስጥ አያልፍም። ጊዜው የሚጠይቀው ያንን ነበርና ማንም አይወቅሳቸውም። በ1958 ዓ.ም. ወደ ወጣው ወደ ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንሻገር ግን ሌላ ዓለም ነው። የመምህራችንን የእርሳስ ጥያቄ ይዘን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከሰው ወደ ሰው ሄድን። ይህን ያደረግነው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲሆን የልብስ አጠባ ተራችንን አሳልፈንበታል።

ፊታውራሪ መሸሻን እንውሰድ። ቤታቸው ሲገቡ ማን ይጠብቃቸዋል? ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩ አይነት አሉ፤ ልጃቸው ሰብለ ወንጌል አለች። ከሁሉ በላይ ግን የሚጠብቋቸው ሙታን አያቶቻቸው ናቸው። ኩራታቸው እንደኛ ጢም ፊት ላይ የተለጠፈ አይደለም። ለሰብለ የመጣውን ባል ሁሉ በዘር አይመጥነንም እያሉ መለሱት፤ ሲመልሱት ግን ልጃቸውን የጎዱ አይመስላቸውም፤ የተጣለባቸውን አደራ የጠበቁ ነው የሚመስላቸው። ሰብለም በዚሁ ምክንያት የማግቢያዋ ጊዜ እያለፈ አባቷ ቤት ቆየች፤ በዛብህም ሊያስተምራት ሲመጣ እዚያው አገኛት። እስቲ ከፊታውራሪ ላይ ያንን ኩራት አንሡት። ሰብለ በጊዜዋ ተድራ ሄዳለች፤ መምህሩ ባዶ ቤት መጥቷል፤ መጽሐፉም የለም! ከባሻ ቁልፌ ላይ ጢሙን ብታነሡ ምን ይጎድላል? የተላጨ ባሻ ቁልፌ ይሆናል።

በዛብህንም ተመልከቱ። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው፤ የሕይወቱ መንገድ እሱ ራሱ አፍ ሳይፈታ ተወስኖ ነበር። አንድ ቀን ልቡ ወደ ሌላ ሲያዘነብል በአንድ በኩል የወላጆቹ ስለት፣ በሌላ በኩል ሰብለ ቆመው ይጎትቱታል። ደራሲው «በዛብህ ተጨነቀ» ብለው ባይጽፉ እንኳን እንጨነቅለታለን፤ ምን እንደሚፈልግና የፈለገውን ቢያገኝ ምን እንደሚያጣ እናውቃለንና። ሰብለስ ብትሆን? የአባቷን ቃል ሰምታ የኖረች ልጅ ቤቷን ጥላ እሱን ፍለጋ መንገድ የምትገባው በአንድ ሌሊት ቁጣ አይደለም። ከትምህርቱ፣ ከዝምታው፣ ከዓመታቱ ጋር ቀስ በቀስ ስትርቅ እያየናት ነው። እግሯ የወጣው ልቧ ከወጣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በጎን አንድ ነገር እናንሣ። ሁሉም ገጸ ባሕርይ መለወጥ አለበት የሚል ሕግ ያለ ይመስለን ነበር። ካሣ ዳምጤ፣ ሰው ሁሉ «ጉዱ ካሣ» የሚለው፣ ብዙም አይለወጥም። ስንገናኘው የሚናገረውን ስንለየውም ይናገራል። የሚለወጠው እኛ በሱ ላይ ያለን አስተያየት ነው፤ መጀመሪያ እንደ አገሩ ሰው እንስቅበታለን፣ በኋላ በሳቃችን እናፍራለን። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርኩት የሰሙ ትልልቅ ሰዎች ዛሬም ጉዱ ካሣን ሲያነሡ ድምፃቸውን ይለውጣሉ፤ ሞክሩና ጠይቋቸው።

አሁን ወደማንወደው ክፍል እንምጣ።

ልቦለዷ በወጣች በሁለተኛው ቀን ማታ አንዳንድ ሠልጣኞች በዋናው በር ሲገቡ «አይቻልም!» እያሉ መጮኽ ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን የተቋማችንን ጥበቃ አባት ፊት ለፊት «ባሻ ቁልፌ» ብሎ የጠራቸው ተገኘ። እሳቸው ጢም የላቸውም። መፋቂያም ይዘው አይተናቸው አናውቅም። ነገር ግን በሩን በሰዓቱ ይዘጋሉ፣ ካፖርትም አላቸው፣ ያ በቃ። እኛ «ማንንም አስበን አልጻፍነውም» እያልን ለጠየቀን ሁሉ ስንመልስ ነበር። እውነቱን እንናገር ካልን አስበናል። በዚያው ሳምንት ከመካከላችን አንዱ ዘግይቶ መጥቶ ውጭ ቀርቶ፣ ዘመድ ቤት አድሮ ነበር። ዕቁቡ የተጣለው በዚያ ቂም ነው።

በአራተኛው ቀን ማታ ወረቀቱን አንሥተን ስናልፍ እሳቸው ጠሩን።

«እናንተ ልጆች፣ እኔን ጽፋችሁኛል አሉ። እስቲ አንብቡልኝ» አሉን።

ጉዳዩን እሳቸውን አይመለከትም ልንል አፋችንን ከፈትን። እሳቸው ግን በርጩማ ስበው ባትሪያቸውን አበሩልን። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ከቆጠሩት አንዱ እንደነበሩ፣ አሁን ግን ዐይናቸው ለደቃቅ ጽሑፍ እንደ ደከመ ነገሩን። እናም አነበብንላቸው። ተራ በተራ ነው ያነበብነው፤ አንዱ ድምፁ ሲሰበር ሌላው ይቀበለዋል። ሳቅ የቆጠርንበት ቦታ ሁሉ ሲደርስ የሚሰማው የውሻ ጩኸትና የባትሪው ዝምታ ብቻ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ባሻ ቁልፌን ከውሻ ጋር የምታመሳስል አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። ስንጽፋት ከሁሉ አብልጠን የወደድናት እሷን ነበር። ተራው የደረሰው ጓደኛችን ዘለላት።

«ጨረሳችሁ? ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ አባባ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ይቆጣሉ ብለን ነበር፤ አልተቆጡም። «ሰውዬው መጨረሻ ላይ ለምን አለቀሰ?» ሲሉ ጠየቁን።

«ተጸጽቶ ነው፣ አባባ። ተለውጦ።»

«ምን አግኝቶት?»

«ያንን የታመመ ልጅ አይቶ…»

«ዘበኛ እኮ ሌት ተቀን የሚያየው የታመመ፣ የሰከረ፣ የተጣላ ሰው ነው። ያን ያህል ዘመን በር ላይ ቆሞ የታመመ ሰው ያን ቀን ገና ማየቱ ነው?»

መልስ አልነበረንም። ለመምህራችን ጥያቄ መልስ እንዳልነበረን ሁሉ ለዚህም አልነበረንም። ቀጥለው በሩን በሰዓቱ ለምን እንደሚዘጉ ነገሩን። የነገሩንን እዚህ አንጽፈውም፤ «ይቺን ደግሞ እንዳትጽፏት፤ የራሳችሁን ጻፉ» ብለውናልና። ምክንያት እንዳላቸው ብቻ እንናገራለን። ያም ምክንያት ከክፋት ጋር ዝምድና የለውም። ደግሞም አንድ ቀን አምሽቶ በመምጣቱ ውጭ ያደረው ጓደኛችን ከሁላችን ይልቅ አንገቱን የደፋበት ነው።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ አልተሸነፈም ነበር። «ስክሩጅስ?» አለ። ቻርልስ ዲክንስ በ1843 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የገናውን ታሪክ ማለቱ ነው። እውነት ነው፤ ያ ስስታም ሽማግሌም የተለወጠው በአንድ ሌሊት ነው፤ ታዲያ እሱን አምነን ባሻ ቁልፌን የማናምነው ለምንድን ነው? እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተሟገትን። የደረስንበት ይህ ነው። ሌሊቱ አንድ ይሁን እንጂ በሌሊቱ ውስጥ ስክሩጅ ዕድሜውን በሙሉ እንዲመላለስበት ተደርጓል። ልጅ ሳለ ጓደኞቹ ለበዓል ሲሄዱ ባዶ ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻውን ቀርቶ አይተነዋል። የታጨችለት ልጅ ከኔ ይልቅ ገንዘብ አብልጠሃል ብላ ስትለየው አይተናል። የጸሐፊውን በሽተኛ ልጅ፣ በመጨረሻም የገዛ መቃብሩን አይቷል። እያንዳንዱ ነገር አንድ አንድ ጡብ ከግንቡ ላይ እያነሣ ነው የሄደው። አባባ «ምን አግኝቶት?» ቢሏቸው ዲክንስ ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥሩላቸው ነበር። እኛ የምናጥፈው ጣት አልነበረንም።

ስለ ቶልስቶይ የሚነገረውንም ያን ሌሊት ነው ያነሣነው። «አና ካሬኒና» ከ1875 ጀምሮ በመጽሔት በተከታታይ የወጣች፣ በ1878 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ የታተመች ታላቅ ሥራ ናት። በመጀመሪያዎቹ ረቂቆች ውስጥ ግን ባለታሪኳ ደግ ባሏን የምታሳዝን፣ መልኳም ጠባይዋም የማይማርክ ሴት ነበረች። ደራሲው እየሠረዘ እየደለዘ ሲጽፍ ሴትዮዋ ተለወጠች፤ ዛሬ የምናውቃትን፣ ብንፈርድባት እንኳን ልንጠላት የማይቻለንን አናን ሆና ወጣች። የገጸ ባሕርይ ለውጥ ሲባል ከገጽ አንድ እስከ መጨረሻው ገጽ ያለው ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ መጨረሻው ረቂቅ ያለም አለ፤ እሱ የሚሆነው ደራሲው ፍርዱን ለማቆየት ሲችል ነው። እኛ ደግሞ ረቂቅ ሳይኖረን ፍርድ ነበረን።

እዚህ ላይ ለጓደኞቻችን ዕጩ መምህራን አንድ ነገር እንጠቁም፤ ከርእሳችን ትንሽ ወጣ ይላል። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት የክትትል ማስታወሻ እንይዝ ነበር። ሰሞኑን ገልጠን አየነው። «የኋላ ወንበር፣ ሰነፍ፤ ይተኛል» ይላል አንዱ ገጽ። የልጁ ስም እንኳን የለም። በአጠገቡ ባዶው ኅዳግ ላይ የመምህራችንን ጥያቄ በእርሳስ ጻፍነው። የሚመልስልን የለም፤ ልምምዱ አልቋል፣ ትምህርት ቤቱም ሩቅ ነው።

ባሻ ቁልፌን እንደገና ለመጻፍ የተቀመጥነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሥራው እንዲህ አስቸጋሪ መሆኑን ብናውቅ ኖሮ ስለ አበባ ግጥም እንጽፍ ነበር።

በመጀመሪያ ቤት ሰጠነው። ሚስቱ እራቱን ከድና፣ መብራቱን ዝቅ አድርጋ ስትጠብቀው የሚያሳይ ሁለት ገጽ ያህል ጻፍን፤ በጣም አማረን። በሦስተኛው ቀን ከመካከላችን አንዱ ልብሱን እያጣጠፈ ሳለ በድንገት «እንዴ! ሰውዬው እኮ የሌሊት ዘበኛ ነው» አለ። እውነት ነው! ባሻ ቁልፌ ቤቱ የሚገባው ጠዋት ነው። ሚስቱ ገበያ ወጥታለች፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሄዳለች። የሚጠብቀው በሳህን የተከደነ እንጀራና ገና ያልቀዘቀዘ አልጋ ነው። ያን ሁለት ገጽ ቀደድነው። ቤተሰቡን የሚያገኘው በተኛበት ሰዓት በሚሰማው ድምፅ ብቻ የሆነ ሰው፣ በሕልሙ መካከል የልጁን እግር ኮቴ የሚለይ ሰው፣ በመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቱ ላይ ቀና ብሎ አየን። ጢሙ ደግሞ ማንም ሳይላጨው የለም።

ቀጥለን ምን እንደሚፈልግ ጠየቅነው። ልጁ 12ኛ ክፍልን እስክትጨርስ ድረስ ይቺን ሥራ ማቆየት ይፈልጋል፤ ከዚህ የበለጠ አይፈልግም። ምን እንደሚፈራም ጠየቅነው። ይህንንም ከራሳችን አመነጨን፤ የአባባ አይደለም። ቀድሞ ይጠብቅበት በነበረ መጋዘን አንድ ማታ ለለመነው ሰው በር ከፍቶ ነበር። ጠዋት 11 ብርድ ልብስ ጎደለ። ዋጋውም ከደመወዙ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ የሰው ልመና ሲሰማ ብርድ ልብስ ነው የሚቆጥረው። «አይቻልም!» የምትለዋን ቃል ልናጠፋት ስንል የተውናት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቃሏ ያችው ናት፣ አሁን ግን ስትሰማ አታስቅም።

ከዚያ ያንኑ ማታ፣ ያንኑ የዘገየ ልጅ፣ ያንኑ መድኃኒት አመጣንለት። ዝናቡን ግን ከለከልነው። እቅዳችን በመጨረሻ በሩን እንዲከፍት ነበር። ሦስት ጊዜ ጻፍነው፤ ሦስቱንም ጊዜ በሩ አጠገብ ሲደርስ እንደ ግዑዝ ዕቃ ይሆንብናል። የሚከፍተው እኛ ስላዘዝነው እንጂ እሱ ስለፈለገ አልነበረም። በአራተኛው ጊዜ ብዕሩን የያዘው ጓደኛችን ሳያማክረን አንድ ነገር ጻፈ። ባሻ ቁልፌ በሩን አይከፍትም፤ አይችልም፤ 11ዱ ብርድ ልብሶች አሉ። እጁን በብረቱ መካከል አሾልኮ መድኃኒቱን ይቀበልና ካፖርቱን አውልቆ ውጭ ለቀረው ልጅ ያቀብለዋል። ከዚያም ወደ ማደሪያው በሩጫ ይሄዳል። በሩ ተቆልፏል፤ ዘበኛው ግን ከበሩ ላይ የለም! ለዘበኛ ከዚህ የባሰ ጥፋት የለም። አንድን ደንብ ላለማፍረስ ሲል ትልቁን ደንብ አፈረሰ።

ስናነበው ሦስታችንም ዝም አልን። ማናችንም አላቀድነውም ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አልታየንም። ፎርስተር ስለ ክቡ ገጸ ባሕርይ ያለውን፣ ፈተና ላይ ደፍነን ሙሉ ነጥብ ያገኘንበትን፣ ትርጉሙን የተረዳነው ያን ጊዜ ነው ብንል አልዋሸንም።

አላለቀም። ጠዋት ባሻ ቁልፌ ቢሮ ይጠራል። እዚህ ላይ ተከፋፍለናል። አንዳችን ይባረር ይላል፤ ለውጥ ዋጋ ካላስከፈለ ለውጥ አይባልም ባይ ነው። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ይበቃዋል፣ ሰውዬውን እኛ ደግሞ አንበድለው ይላል። ሦስተኛው ከቢሮው በር ላይ ቆሞ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ታሪኩ ይለቅ ይላል፤ ሁለታችን ግን ይህ ሐሳብ አለመድፈር ይሁን ጥበብ አልለየንም። ልጁ ደግሞ ያን ጠዋት ከትምህርት ቤት ቀርታ ቤት እንድትጠብቀው እንፈልጋለን፤ ለምን እንደምትቀር ግን ምክንያት አላገኘንላትም። «ምን አግኝቷት?» የሚለው ድምፅ በጆሯችን ላይ አለ። ያለ ምክንያት አናስቀራትም።

አዲሱን ልቦለድ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን ብለን አስበናል። ከመለጠፉ በፊት ግን አባባ ሐሙስ ማታ ተረኛ ናቸውና ሄደን እናነብላቸዋለን። የመጀመሪያውንም ወረቀት ይዘን እንሄዳለን፤ የዘለልናትን ዐረፍተ ነገር ልናነብላቸው ተስማምተናል። ማን እንደሚያነባት ግን እስካሁን አልተስማማንም።